ግልጽ ደብዳቤ፦ የጎደለን መኪና ብቻ ነውን?

ይድረስ ለከተማችን የጽዳትና ውበት ሥራ ኃላፊ
ጅማ

ጉዳዩ፦ የደረቅ ቆሻሻን ጥያቄ በሌላ መልክ ስለማንሳት

ክቡር ኃላፊ፣

የደረቅ ቆሻሻ ነገር በቀበሌ ስብሰባ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ የሚከፈተውም የሚዘጋውም «መኪና አነሰን» በሚል አቤቱታ ነው። ችግሩ የመኪና እጥረት ከተባለ ደግሞ መፍትሔው መኪና መግዛት፣ መኪናው ሲገኝ ነዳጅ፣ ነዳጁ ሲገኝ የሚደፋበት ቦታ መፈለግ ከመሆን አያልፍም፤ አጠያየቃችን መልሱን አስቀድሞ ወስኖታልና። እኔም ለዓመታት እጄን እያወጣሁ መኪና ስጠይቅ የኖርኩ ነኝ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ባለፈው ክረምት ደጃፌ ያለው ቦይ ተደፍኖ ጎርፉ ግቢ ሲገባ አካፋ ይዤ መውረዴ ነው። ፌስታልና ሃይላንድ አልጠፋም፤ አብዛኛው ግን የጫት ገረባ፣ የሙዝ ልጣጭና የጎመን ቅጠል ነበር፤ ከሥር ያለው ጠቁሮ አፈር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጎረቤቴ እማማ አይተው «ይህንንማ አትድፋው ልጄ፣ ለጎመኔ ይሆነኛል» አሉና በማዳበሪያ አስሞልተው ወሰዱት። (ከረጢቱን ማዳበሪያ ብለን የምንጠራው ያለ ነገር አይደለም።) ያልዛቅሁት ወደ አዌቱ ወንዝ ወረደ።

ነገሩን «ቆሻሻ» ካልነው መጓጓዝ አለበት። ከገጠር በጫት፣ በሙዝና በአትክልት ተጭኖ ሂርማታ ገበያ ገብቶ ያልተመለሰ የአፈር ሀብት ነው ካልን ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ማን፣ የት ላይ ከፌስታሉ ይለየው? በዙሪያችን ያለው መሬት በብዙ ዝናብ ታጥቦ አሲዳማ የሆነ ነው፤ ገበሬውም ማዳበሪያ በውድ ይገዛል። ብስባሹ (የሚበሰብሰው ቆሻሻ) ለማዳበሪያ ሲከመር ብቻውን ውሃ ይበዛበታልና ከቡና መፈልፈያ የሚወጣው ደረቅ ገለፈት ሊቀላቀልበት ይችላል። ክምሩ እየተገላበጠ ወራት ይፈልጋል፤ በእኛ ክረምት ደግሞ ጣሪያ ካልተሠራለት ውሃ ጠግቦ ይበሰብሳል እንጂ ወደ ማዳበሪያነት አይብላላም።

አንድ ስጋት አለኝ፤ ጫት ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ገረባው ላይ ሊቀር ስለሚችል ከመከፋፈሉ በፊት በላቦራቶሪ መፈተሽ አለበት። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የግብርና ኮሌጁ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ አለ። ሌላው፣ ቤት ለቤት የሚሰበስቡት ወጣቶች የሚከፈላቸው በጫኑት መጠን ከሆነ መለየት ኪሳራ ይሆንባቸዋል፤ ሳይታይ የሚቀረው ዋናው እንቅፋትም ይህ ይመስለኛል።

መኪና አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ፌስታሉን የሚወስድ መኪና ይኖራል። የምለምነው፣ በሂርማታ የአትክልት ተራ ብቻ ለአንድ ወቅት ብስባሹ ለብቻ ተሰብስቦ እንዲመዘንና ለሰብሳቢዎቹ በለዩት ልክ እንዲከፈል ነው። ውጤቱም ለቀጣዩ ስብሰባ ከመኪናው ጥያቄ በፊት ይቅረብልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጅማ ነዋሪ