አባባ፣ ሲመጡ የምናየው

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። በጥቅምት ለመምጣት መቁረጥዎ ደስ ብሎኛል። የዚህ አገር ነሐሴ ወበቁ አያስወጣም።

በስልክ «ዋሽንግተንን በአንድ ቀን አይተን እንጨርሳለን» ያሉትን ግን ይተዉት። ጉልበትዎ እሺ አይልም። መጀመሪያ እዚሁ አሌክሳንድሪያ እንቆይ። ከዋና ከተማው ወንዝ ማዶ ናት፤ በዕድሜ ግን ትበልጠዋለች።

ከባቡር ጣቢያው እስከ ፖቶማክ ወንዝ፣ በኪንግ ስትሪት የሚመላለስ ነጻ አውቶቡስ አለ። በእሱ ሄደን መጀመሪያ ክራይስት ቸርችን እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1773 ያለቀ ቤተ ክርስቲያን ነው። መቀመጫዎቹ በር አላቸው! ቤተሰቡ እንደ ትንሽ ክፍል በታጠረ ቦታ ገብቶ ይቀመጥ ነበር፤ ጆርጅ ዋሽንግተንም የራሱ ነበረው።

ወንዙ ዳር ደግሞ የድሮ የቶርፔዶ፣ ማለት በውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ መሣሪያ፣ ፋብሪካ አለ። ግንባታው የተጀመረው አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1918። እዚህ ላይ እንደሚስቁ አውቃለሁ። አሁን ሠዓሊዎች ይሠሩበታል፣ ቆመው ቢያዩአቸው ቅር አይላቸውም። አንድ አረንጓዴ ቶርፔዶ ብቻ ተጋድሞ ቀርቷል።

ፕሪንስ ስትሪት ኮብልስቶኑ ላይ ሁሉም ፎቶ ይነሳል። እኛ ከዳር እናየዋለን። ወጣ ገባ ስለሆነ ለከዘራ አይመችም።

በማግስቱ ሰማያዊውን የባቡር መስመር እንይዛለን። መሃል ከተማ ሳንደርስ ግን አርሊንግተን መካነ መቃብር እንወርዳለን። ሌላው ቢቀር ይህ አይቅርብዎ። ጃንሆይ በኅዳር 1956 ዓ.ም. ለኬኔዲ ቀብር መጥተው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከዴ ጎል ጋር የቆሙት እዚህ ነው። ኬኔዲ ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥተው ከተቀበሏቸው ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። መቃብሩ ላይ የተለኮሰው እሳት እስከ ዛሬ ይነዳል። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጎብኚ የሚያዞር መኪና ስላለ በእሱ እንወጣለን።

ከዚያ አንድ ሙዚየም ይበቃል። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነጻ ናቸው፣ ስለዚህ «ከፍለናል» ብሎ መንገላታት የለም። እኔ የአውሮፕላኑን መርጫለሁ፤ የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ያበረሯት እዚያ አለች። ትኬቱ ነጻ ቢሆንም አስቀድሞ ስለሚያዝ እሱን ለእኔ ይተዉት።

የሊንከን ሐውልት ከፊቱ ካለው የውኃ ገንዳ ጀምሮ 87 ደረጃ አለው። ከታች ሆነው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ካልወጣሁ ካሉ ግን እያረፍን እንወጣለን፣ እልህዎን አውቀዋለሁ።

ለጉዞው ብለው የገዙትን አዲስ ጫማ እዚያው ይተዉትና አሮጌውን አድርገው ይምጡ። የጉልበትዎን መድኃኒት ደግሞ በእጅ ሻንጣ ይያዙት።

ልጅዎ