ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ከተጠፋፋን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ስልክሽን ያላነሳሁት ታምሜ ስለነበር ነው። ስለ ወንድምሽ የላክሽልኝን መልእክት ትናንት አነበብኩት። «ድባቴ ነው አሉን፤ ግን አርፎ አይቀመጥም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይንጎራደዳል» ብለሻል። ይህን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የቁም ሳጥኑን ልብስ ሁሉ መሬት ላይ ዘርግፌ፣ እያለቀስኩ አጥፋለሁ። ስጨርስ መልሼ እበትነዋለሁ። የተኛሁት ለ2 ሰዓት ያህል ቢሆን ነው፤ ድካም ግን የለም። አንዱ ሐሳብ ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል። ሐሳቦቹ ሁሉ የሚሉኝ ግን አንድ ነው፦ መኖርሽ ለማን ይበጃል?

ለመጀመሪያው ሐኪም ሐዘኑን ብቻ ነገርኩት። ጥድፊያው በሽታ አልመሰለኝም፤ «ጉልበትስ አለኝ» ብዬ ተጽናንቼበት ነበር። የድባቴ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ሁለተኛዋ ሐኪም ነች «እንቅልፍ ባጣሽ ማግስት ይደክምሻል?» ያለችኝ። ከቤተሰብ ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከድባቴ ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚለዋወጥበት ሕመም፣ ያለበት ሰው እንዳለም ጠየቀችኝ።

ድባቴና ማኒያ (ያ ከልክ ያለፈ መነቃቃት) ባንድ ጊዜ ሊመጡ እንደሚችሉ የነገረችኝ እሷ ናት። ክረፕሊን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1899 እ.ኤ.አ. ጽፎታል አለችኝ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ ሰውዬው በድባቴ ውስጥ እያለ፣ ከ7 የማኒያ ምልክቶች ቢያንስ 3ቱ በአብዛኞቹ ቀናት እንዲታዩበት ይጠይቃል። ያለወትሮ ብዙ ማውራት፣ የሐሳብ መጣደፍ፣ ትንሽ ተኝቶ አለመድከም፣ ሳያስቡ ገንዘብ መበተን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ቁጡነት ግን አይቆጠርም፤ በድባቴም በማኒያም ስለሚታይ መለያ አይሆንም። እኔ ግን ሰው ላይ እንዴት እጮህ እንደነበር ብታዪ!

ይህ ያለበት ሰው ሁሉ ባይፖላር ነው ማለት አይደለም። ወደዚያ የመዞር ዕድሉ ግን ከሌላው ስለሚበልጥ ክትትል ያስፈልገዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ተስፋ መቁረጡና ጉልበቱ አብረው ናቸው። እንዲህ ያሉ ሕሙማን ራሳቸውን ለማጥፋት የሚሞክሩትም ከሌላው ድባቴ በበለጠ ነው።

ስለዚህ እባክሽ፣ ሐኪም ቤት ብቻውን አትላኪው። እሱ የሚያወራው ስለ ሐዘኑ ነው፤ መንጎራደዱን አንቺ ተናገሪ። ለስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጻፊ። መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም፣ ግን ከጀመረ ወዲህ ከባሰበት ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሯቸው። የኔ ሲቀየርና ሙድ የሚያረጋጋ መድኃኒት ስጀምር ቀስ በቀስ ነው የተሻለኝ። አሁን ለ7 ሰዓት ያህል እተኛለሁ።

መሞት ያስብ እንደሆነም በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅሽ ያላሰበውን አያሳስበውም፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንቱን በነገርኩት ነበር። አዎ ካለሽ ብቻውን እንዳትተዪው፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ነገ ጠዋት እደውልልሻለሁ። ከፈለገ እሱንም አገናኚኝ፤ እኔም ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩ እነግረዋለሁ።

የዘወትር ጓደኛሽ