የታሪክና የክርክር ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሣጥኑን ማን ይክፈተው?

ክበባችን ዓመቱን በ34 አባላት ጀምሮ በ31 ጨርሷል። ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት ሲያልቅ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል እየተገናኘን አምስት ክርክሮች አካሂደናል፤ ጥቅምት ላይ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎብኝተናል። ጉብኝቱን የ9ኛ ክፍል አባላት ስለጻፉት እኔ አልደግመውም። ከኅዳር እስከ ግንቦት አልለቅ ስላለን አንድ ጥያቄ ግን ልጻፍ።

ጥያቄው የመጣው ከዜና ነው። ኅዳር ላይ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሶማሊያ መንግሥት ላይ የነበረውን የጦር መሣሪያ ማዕቀብ አነሣ፤ በአልሸባብ ላይ ያለው ግን እንዲቀጥል ወሰነ። ማዕቀቡ የተጣለው ጥር 1984 ዓ.ም. ነበር። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ወደ 32 ዓመት ሙሉ መሣሪያ እንዳይገባ ከተከለከለ፣ ሰዎቹ በምን ሲዋጉ ኖሩ ታዲያ?» አለችኝ። ጥያቄዋ በችኮላ የሚመለስ አልነበረም። እስከ ሐሙስ ታገሺኝ አልኳት።

ሐሙስ 40 ባዶ የክብሪት ሣጥን ይዤ መጣሁ። በ6ቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ፍሬ ጥሬ ቡና ከተትን፤ በ34ቱ ውስጥ በቆሎ። ቡናው መሣሪያ ነው፣ በቆሎው እህል። ሁሉንም በፕላስተር አሽገን ላኪው፣ ተቀባዩና የዕቃው ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት ለጠፍንባቸው። አንዱን ረድፍ ማዕቀብ የተጣለበት አገር አደረግነው፤ በግራና በቀኙ ያሉት ጎረቤት አገሮች፣ የፊተኛው ረድፍ ሻጮች፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ደግሞ ወደብ ሆኑ። 3 ልጆች ፈታሽ ሆነው ተመረጡ። የተሰጣቸው 10 ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 30 ሣጥን ካላሳለፉ አገሩ ተራበ ይባልና ይሸነፋሉ።

ፈታሾቹ መጀመሪያ ላይ ፕላስተሩን በጥፍራቸው እየላጡ አንድ በአንድ መክፈት ያዙ። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ወደቡ ላይ የሣጥን ክምር ተቆለለ፤ ከኋላ «ተራብን!» የሚል ጩኸት በረታ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ብቻ እያነበቡ ማሳለፍ ጀመሩ። በድምሩ የከፈቱት 9 ሣጥን ነው፤ ያገኙት ቡና 2። አራቱ ገቡ። ከአራቱ የአንዱ አገባብ ከሁሉም በላይ ያስተማረን ነበር፤ ጭራሽ አልተደበቀም። ወረቀቱ ላይ ቡና መሆኑ በግልጽ ተጽፏል፤ ተቀባዩ ማዕቀብ የሌለበት ጎረቤት አገር ነው፤ የጎረቤቱ «መሪ» በእጁ ፈርሞበታል። ፈታሾቹ አንብበው በትክክል አሳለፉት። ጎረቤቱ ግን ሣጥኑን በዴስክ ሥር ማዕቀብ ባለበት ረድፍ ለተቀመጠው ወዳጁ አቀበለው።

በመንግሥታት መካከልም እንዲህ ያለ ወረቀት አለ፤ የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ ይባላል። ገዢው መንግሥት መሣሪያው ለእኔ ነው፣ ለሌላ አላሳልፍም ብሎ ይፈርማል። ፊርማውም ማኅተሙም እውነተኛ ሆኖ ዕቃው ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ደርሶ የሚያይ ከሌለ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ለዚያች ተማሪ የሰጠኋት መልስም ከዚህ ይጀምራል፦ በሶማሊያው ማዕቀብ ላይ ማን ጣሰ ብሎ የሚመረምር የባለሙያዎች ቡድን የተቋቋመው ማዕቀቡ ከተጣለ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ያም ቡድን ቢሆን መርምሮ ሪፖርት ያቀርባል እንጂ ኬላ ላይ ቆሞ ሣጥን አይከፍትም።

ጥር ላይ የአንድ አባላችንን አባት ጋበዝን፤ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ስለ ጦር መሣሪያ ምንም አላወሩም፤ የነገሩን ስለ ኬላ ነው። «ልጆቼ፣ አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ እኔ ከ200 በላይ ጭኛለሁ። ፈታሹ ወረቀቴን ያያል፣ ከጫፍ ከጫፉ ሁለት ሦስቱን በሹል ብረት ወግቶ ያያል፣ በቃ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሁሉን አውርድ ቢለኝ እኔ እዚያው አድራለሁ፤ ከኋላዬ ደግሞ 20 መኪና ቆሟል» አሉን። ልጆቹ በክብሪት ሣጥን ያዩትን እሳቸው በጆንያ ነገሩን።

የካቲትን በራሳችን ታሪክ ላይ አሳለፍን። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ለወረራ ስትሰናዳ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ሲሰሙት እኩልነት ይመስላል። ጣሊያን ግን ታንኳንም አውሮፕላኗንም በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ ገዢ ነበረች፣ ወደብም አልነበራትም። ጦርነቱ መስከረም 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ክልከላውን ከኢትዮጵያ አንሥቶ በጣሊያን ላይ አደረገው፤ ነዳጅ ግን አልከለከላትም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋባትም። የእኛ መግቢያ የጅቡቲ ባቡር ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ባሰሙት ንግግር፣ ለኢትዮጵያ ጦር መሣሪያ እንዳያመላልስ የተሰናከለው ባቡር አሁን ለወራሪው ሠራዊት ዋና የስንቅ መንገድ ሆኗል ሲሉ አመልክተዋል። ይህን ባነበብንበት ቀን በፈረንጅ አራዳ በኩል አብረን ወረድን። በየቀኑ የሚያልፏቸውን የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች ልጆቹ ቆመው ሲያዩ፣ አንዱ «ይሄ ሁሉ ብረት በየት በኩል ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለ ባሕርም አንብበናል። በሊቢያ ላይ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ማዕቀብ አለ። ኅዳር 2013 ዓ.ም. የጀርመን ወታደሮች በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሮዝላይን ኤ የተባለች ወደ ሊቢያ የምትሄድ የቱርክ መርከብ ላይ ወጥተው መፈተሽ ጀመሩ። ቱርክ ፈቃድ አልሰጠሁም፣ የጫነችው ቀለምና የእርዳታ ዕቃ ነው ብላ ስትቃወም ፍተሻው ተቋርጦ ወረዱ። መርከቧ ምን እንደጫነች ልጆቹ ብዙ ቢከራከሩም፣ ያልተጨረሰ ፍተሻ መልስ አይሰጥም።

ግንቦት ላይ «የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» በሚል ተከራከርን። አይሠራም ያለው ወገን 19 ለ11 አሸነፈ። ጥሩ አድርጎ ነበር የተዘጋጀው፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ላይ ግንቦት 1992 ዓ.ም. የተጣለው የአንድ ዓመት ማዕቀብ ጦርነቱ በተጀመረ በ2 ዓመቱ መምጣቱን ሳይቀር አንሥቷል። እኔ ግን ለተሸናፊው ወገን ነው ድምፄን የምሰጠው። በደቡብ አፍሪካ ላይ ጥቅምት 1970 ዓ.ም. አስገዳጅ ማዕቀብ ሲጣል አገሪቱ የመድፍ ጥይት በካሪቢያኗ አንቲጓ ደሴት በኩል አሾልካ አስገብታለች፤ እውነት ነው። ያረጁ ተዋጊ አውሮፕላኖቿን ግን በአዲስ መተካት አልሆነላትም፤ አንጎላ ውስጥ በ1980 ዓ.ም. ገደማ ሚግ 23 የተባለው የሶቪየት ሥሪት ተዋጊ አውሮፕላን ሲገጥማት የሰማይ የበላይነቷን አጥታለች። ክላሽ በአህያ ተጭኖ ድንበር ያልፋል፤ አውሮፕላን በአህያ አይጫንም፣ መለዋወጫም ይፈልጋል። ተከራካሪዎቹ ይህን ልዩነት ቢያነሡት ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ቀድሜ ባለመጠቆሜ ይቆጨኛል።

የክብሪት ሣጥኖቹ በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ፈታሾቹ ያልከፈቷቸው ሁሉ እንደታሸጉ ናቸው። የመስከረም ምዝገባ እንዳለፈው ዓመት ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነው፤ አዲስ አባላት ፈታሽ ሆነው ይጀምራሉ።