ምክሩን ተቀብለው ሲወጡ ይረሱታል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። እንቅልፍ እምቢ ካላት ከራርሟል። እዚሁ ጅማ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ባለሙያዋ ክኒን ከማዘዝ ይልቅ የእንቅልፍ ልማዷን እንድታስተካክል መከረቻት፣ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም የእንቅልፍ ክኒን አረጋውያንን ለመውደቅ ያጋልጣል፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ የተባለው የሐኪሞች ማኅበርም በ2016 እ.ኤ.አ. ለቆየ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ የሚሞከረው የባህሪ ሕክምና እንዲሆን መክሯል።

ችግሩ ምክሩ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መዘርገፉ ነው። ባጃጅ ውስጥ ስጠይቃት የቀረላት «ቡና ቀንሺ» የሚለው ብቻ ነበር። (እሱንም ለጅማ ሰው!)

እቤት መላ ፈጠርን። «እንቅልፍ ካልመጣ 20 ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ተነሺ፣ ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ» ብለን በትልልቅ ፊደል ጽፈን ከአልጋዋ ፊት ለፊት ለጠፍን። ጠዋት 12 ሰዓት መነሳቱን ከጸሎቷ ጋር አያያዝነው። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካው ሳይቀር ከምሳ በፊት እንዲያልቅ ተስማማን፣ ጎረቤት ቅር ቢለውም። ከሁሉ የበጀን ግን ምክሩን ራሷ ለልጅ ልጇ እንድታስረዳ ማድረጋችን ነው፤ ያስተማረችውን አትረሳም።

ባለሙያዎች፣ እባካችሁ አረጋውያን ታካሚዎቻችሁን በአንድ ቀጠሮ አንድ ሁለት ነገር ብቻ ንገሯቸው። በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ወረቀቱንም አፋን ኦሮሞ ይሁን አማርኛ፣ በሚያነቡት ቋንቋ ስጧቸው፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በልጃቸው ስልክ ድምፃችሁን ቅዱላቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ