ኮሶ በእፍኝ አይለካም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ደጋ ደን መድኃኒቶች ባወጣችሁት ጽሑፍ የኮሶ ትልን ከአንጀት ለማስወጣት የሚጠጣው የኮሶ ዛፍ በደፈናው «አበባው ይጠጣል» መባሉ ያሰጋል። የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው። ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፣ አዲሱ ይበረታል፤ ስለዚህ ያው አንድ እፍኝ ለአንዱ ከንቱ፣ ለሌላው መርዝ ይሆናል። መጠኑ ሲያልፍ ማስመለስና ቁርጠት ብቻ ሳይሆን ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ነፍሰ ጡር ጨርሶ አትቅመሰው፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ጥብጣብ የመሰለ የትሉ ቁራጭ ወጣ ማለትም መዳን አይደለም። 2 ሚሊ ሜትር የማትሞላው የትሉ ራስ አንጀት ላይ ተጣብቃ ከቀረች በ3 ወር ገደማ መልሶ ያድጋል። የትሉ ዘመናዊ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ግን በሰውነት ክብደት ተለክቶ፣ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ አንዴ ብቻ በሐኪም ትእዛዝ ይዋጣል።