የጣና ነጭ ዓሣ ጫጩቶች በጋውን እንዲሻገሩ፦ ግልጽ ደብዳቤ

በአማራ ክልል የዓሣ ሀብትንና የመስኖ ውኃን ለምታስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች

የጣና ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብና ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥቶ በጠጠር ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። በዚህ ወቅት በወንዝ አፍ ስለሚዘረጋው መረብ ብዙ ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ግን ስለ ጫጩቱ የሚጠይቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል ብቻ ከ5 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ወጣት ዓሣ በ90 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሏል። ስለዚህ ጥበቃው ከእናቶቹ አልፎ ለልጆቹም መድረስ አለበት።

ከኅዳር ወዲህ ወንዙ ሲጎድል፣ ወደ ሐይቁ ያልወረደው ጫጩት በየጥልቁ ኩሬ ተወስኖ ይቀራል። የመስኖ ሞተርም የሚተከለው እዚያው ነው፤ ሌላ የሚሳብ ውኃ የለማ! በሰከንድ 10 ሊትር የሚስብ ሞተር በባለ 3 ኢንች ቱቦ ሲሠራ፣ በቱቦው አፍ ውኃው በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ይሮጣል። የጣት ርዝመት የሌለው ዓሣ ይህን ታግሎ አያመልጥም። በቱቦው ጫፍ ያለው ማጣሪያም ድንጋይና ቅጠል እንጂ ጫጩት አያስቀርም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቁመቱም የአፉ ስፋትም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብረት ቅርጫት ተበይዶ፣ ቀዳዳው ከ2 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት ሽቦ ዙሪያውን ይሸፈን፤ ቱቦው መሐሉ ላይ ይግባ። ግማሹን ስፋት ሽቦው ቢይዘው እንኳ የውኃው ፍጥነት በሰከንድ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ቅርጫቱ ጭቃው ላይ አይቀመጥ፤ ጫጩት ወደሚጠለልበት ዳርም አይጠጋ። በየቀኑ ካልተጠረገ ግን ዋጋ የለውም፤ ግማሹ በአልጌ ሲደፈን በቀረው በኩል ያለው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል።

ወንፊቱ ብቻውን ኩሬውን አያድነውም። መፍሰሱን ካቆመ ኩሬ ጨርሶ ውኃ መሳብ መከልከል አለበት። ውኃው ባነሰ ቁጥር ቀን ይሞቃል፤ የሞቀ ውኃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ነው። ሌሊት አልጌው ራሱ ኦክስጅን ስለሚጠቀም ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ይታያሉ። የልማት ሠራተኛ መሄድ ያለበት በዚያ ሰዓት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ያው ኩሬ ደህና ይመስላል። በሚፈስሰው ክፍልም ሞተሮች ሁሉ በአንድ ቀን ከሚነሱ በፈረቃ ቢሠሩ ፍሰቱ አይቋረጥም።

ዓሣ ለመያዝ መርዛማውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ውኃው ውስጥ መጨመርም በዚህ ወቅት ይብሳል፤ መርዙን የሚያቀጥነው አዲስ ውኃ ስለሌለ ትልቁንም ትንሹንም ይጨርሳል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የበጋ ኩሬዎችን ዝርዝር፣ የወንፊቱን ልክና የፈረቃውን ሥርዓት የያዘ መመሪያ የመጀመሪያው ሞተር ወንዝ ዳር ሳይወርድ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በየወረዳው እንዲደርስ እንጠይቃለን።