የሊቁን መደርደሪያ ከማፍረሳችሁ በፊት

ለአዘጋጁ፦

በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ አንድ ሊቅ ሲያርፍ፣ ሐዘኑ ሲበርድ ቤተሰቡ መጻሕፍቱን በመጠንና በቋንቋ ለይቶ ካርቶን ውስጥ ይከታል። ሥርዓት ማስያዝ ይመስላል፤ ነገር ግን የዕድሜ ልክ አቀማመጥ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። የአማርኛ ታሪክ ከዐረብኛ ኪታብ ጎን፣ በመካከላቸውም የታጠፈ ነጋሪት ጋዜጣ ከተገኘ፣ ባለቤቱ አንዱን ከሌላው እያመሳከረ ይሠራ እንደነበር ፍንጭ ነው።

ስለዚህ ምንም ሳይነሣ እያንዳንዱ የመደርደሪያ መደብ የመጻሕፍቱ የጀርባ ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ ቀርቦ ፎቶ ይነሣ። ከዚያ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አድራሻ ይሰጠው። «ም-2-4-17» ቢባል፣ የምዕራቡ ግድግዳ፣ 2ኛው መደርደሪያ፣ ከላይ 4ኛው መደብ፣ ከግራ 17ኛው መጽሐፍ ማለት ነው። ዐረብኛው ከቀኝ ቢነበብም ቆጠራው ከግራ ይሁን። በጌ ጋር፣ ማለትም በባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ ግድግዳው ውስጥ የተሠራው ማስቀመጫም እንደ አንድ መደብ ይቆጠር። ቁጥሩ በለስላሳ እርሳስ በኋላው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፍ። ፕላስተር አይለጠፍ፤ ሙጫው ቢጫ ይሆንና ሲነሣ ወረቀቱን ይዞ ይነሣል።

መጽሐፍ ውስጥ የተገኘ ደብዳቤም ሆነ ደረሰኝ እዚያው ይቆይ፤ የተገኘበት ገጽ ብቻ ይመዝገብ። የሚወጣው የዛገ አግራፍ ነው። 3,000 መጽሐፍ በቀን 50 ቢመዘገብ 60 የሥራ ቀን ይፈጃል፤ በአንድ ቅዳሜ እንጨርሰዋለን የሚል ዘመድ ካለ ሻይ እንዲያፈላ ይደረግ።

ብዙ ልፋት የሚበላሸው ኮምፒውተር ላይ ነው። አንዱ መዝጋቢ «ሃይሉ»፣ ሌላው «ሐይሉ»፣ ሦስተኛው «ኃይሉ» ብሎ ከጻፈ፣ በፊደል ተራ ሲደረደር የመጀመሪያው ከላይ፣ ሁለተኛው ከ«ለ» በኋላ፣ ሦስተኛው ከነበቀለና ከነተስፋዬ በታች ይወድቃል። የአንድ ሰው ሥራ ሦስት ቦታ ተበተነ ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ዓምድ መክፈት ነው፦ በአንዱ ስሙ በመጽሐፉ ላይ እንደታተመ ይጻፋል፤ በሌላው ሐ እና ኀ በሀ፣ ሠ በሰ፣ ዐ በአ፣ ፀ በጸ ተተክተው፣ ሃም ሀ ሆኖ ይገባል። መደርደሩና ፍለጋው በሁለተኛው ይሁን። የውጭ አገር ፕሮግራም «የቤተሰብ ስም» ሲጠይቅ ደግሞ የአባትን ስም ማስቀደም ስሕተት ነው፤ የእኛ ደራሲ የሚታወቀው በራሱ ስም ነው።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ያሳስታል። በአንድ መደብ ላይ ሦስት አቆጣጠር ይገኛል፤ 1300 ሂጅራ የሚጀምረው በኅዳር 1875 ዓ.ም. ሲሆን ይህም በአውሮፓውያን 1882 ነው። የታተመው ቁጥር እንዳለ ይመዝገብ፤ አቆጣጠሩና የተመለሰው ዓመት በየራሳቸው ዓምድ ይግቡ።

ብል ያለበት የታተመ መጽሐፍ በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር 2 ሳምንት ይቆይ፤ ከወጣ በኋላም ላስቲኩ ለ24 ሰዓት አይከፈት፤ አለዚያ ወረቀቱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። የብራናና የቆዳ ጥራዝ ግን ያለ ባለሙያ ፍሪዘር አይግባ።

የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠል ሳይነበብ አይታለፍ። የባለቤትነት ጽሑፍ የሚገኘው እዚያ ነው። «ወቅፍ» (ለሃይማኖታዊ በጎ አድራጎት በቋሚነት የተሰጠ) የሚል ካለበት ኪታቡ አይሸጥም፣ አይወረስምም፤ ቤተሰቡ ከማንም ገዢ ጋር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ጠርቶ ያንን ቅጠል ያስነብብ።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ
ከሐረር